ስለ ሞተር ብስክሌቱ ጩኸት በስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ስለዚያ አሮጌ ጃዋ ሞተር ሦስት ጊዜ አቤቱታ ደርሶናል። እውነት ነው፣ አራሷም ሕፃኑም እንቅልፍ አጥተዋል። እኛም «አቁም» ልንለው ሄደን፣ ቁጭ ብለን ስናይ ቆየን። ልጁ ከምናለሽ ተራ ውራጅ ብረት ለቅሞ ቻሲውን ጠግኗል፤ መቀመጫውንም በእጁ ሰፍቷል። ጭሱ የበዛው በዚህ ዓይነቱ ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ስለሚነድ ነው። ጩኸቱ ግን የገዛ ጥፋቱ ነው፤ ማርሚታውን ቆርጦታል። እንዲያምር ነው አለን እኮ!

«ጋራዥ ያልሠራ ልጅ ምን ያውቃል?» ላላችሁት፣ የኒውዚላንዱ በርት መንሮም በ1920 የተሠራ ኢንዲያን ሞተሩን በገዛ ቤቱ ሲፈታ ሲገጥም ነው የኖረው። ፒስቶኑን ሳይቀር እያቀለጠ ራሱ ይሠራ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ.፣ በ68 ዓመቱ፣ አሜሪካ ቦነቪል በሚባለው የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 296 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ በምድቡ ሪከርድ ያዘ። የጨው ሜዳ ላይ ግን አራስ የለችም፤ የእኛ ቤት ግድግዳው አንድ ነው።

ስለዚህ ማርሚታው ሳይገጠም ሞተሩ አይነሳም። ከዚያ በኋላም ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ብቻ፤ እሑድ ጭራሽ አይሆንም። የመጋዘኑን በረንዳ ፈቅደንለታል፤ ቤንዚን ግን ከዕድሩ ድንኳን አጠገብ አይቀመጥም። ማርሚታ ከማኅበሩ ገንዘብ ይገዛለት ያላችሁም ነበራችሁ፤ ያ የሐዘን ገንዘብ ነውና አንነካውም። በየጓሮአችሁ የወደቀ አሮጌ ማርሚታ ካለ ግን ለልጁ አቀብሉት።