ዘይት ስለሚያፈስ አሮጌ ሞተር፦ ከመፍታት በፊት መለካት

በገለምሶ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሴ ማለዳ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ መሬት ላይ ስለሚታየው ጥቁር ነጥብ ነው። ርእሱ ያነሰ ለሚመስላችሁ ምክንያቴን ላስረዳ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አግኝቷል። በዚህ ከተማ ከማያቸው ሀይሉክሶች፣ ላንድክሩዘሮችና አይሱዙዎች መካከል በዕድሜ ከአሽከርካሪያቸው የሚበልጡ አሉ። ቤተሰብ የሚተዳደረውም በእነርሱ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር ባለንብረቱ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንደኛው «ሞተሩ ይውረድ» ይላል። ሁለተኛው «አሮጌ ነው፣ ማፍሰሱ አይቀርም፤ እየጨመርህ ንዳ» ይላል። የመጀመሪያው ምናልባት የማያስፈልግ ወጪና የሥራ መቋረጥ ያመጣል፤ ሁለተኛው ሞተሩን ሊያሳጣ ይችላል። ሁለቱም ሳይለኩ የተሰጡ ፍርዶች ስለ ሆኑ አልቀበላቸውም።

መለካት ከባድ አይደለም። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ማለዳ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ ማንበብ፣ ኪሎሜትሩንም መጻፍ ነው። ከ500 ኪሎሜትር በኋላ በዚያው ሁኔታ ደግሞ ማንበብ ያስፈልጋል። በብዙ ትናንሽ መኪኖች ዘንግ ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ስሌት ለሚወድ ሰው፦ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት የዘይት ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል ብንል፣ በየደቂቃው ሳያቋርጥ አንድ ጊዜ የሚንጠባጠብ ሞተር አንድ ሊትር ለማጣት ሁለት ሳምንት ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሞተርን የሚገድለው ጠብታው ራሱ ሳይሆን ዘንጉ ሳይታይ የሚያልፈው ሁለት ሳምንት ነው። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ሲወርድ በዳገትና በመታጠፊያ ላይ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ኩሽኔታውም ያን ጊዜ ይጎዳል። መሬት ላይ ጠብታ ሳይኖር ዘይቱ የሚጎድል ከሆነ ግን ሞተሩ እያቃጠለው ሊሆን ይችላልና ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ ቀለም ተመልከቱ፤ ሰማያዊ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ቀጥሎ ምንጩን መፈለግ ነው። ዘይት ወደ ታች ይፈስሳል፣ በጉዞ ላይም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በመሆኑም የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ አንድ አይደሉም። ኮፓው ረጥቧል ተብሎ ኮፓው ተፈትቶ ሲታሸግ፣ ዘይቱ ግን ከቴስታታው ክዳን ጎሚኒ ይወርድ እንደ ነበር በኋላ የሚታወቅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የጠጠር መንገዶቻችን አቧራ እዚህ ላይ ይረዳናል። አቧራ በዘይት ላይ ስለሚጣበቅ የቆየው መፍሰስ ወፍራም ጥቁር ቅርፊት ይሆናል፤ አዲሱ ደግሞ እርጥብና የሚያበራ መስመር ነው። ሞተሩን አጥቦ፣ አድርቆ፣ አጭር መንገድ ነድቶ ከላይ ወደ ታች በባትሪ ማየት ከብዙ ግምት ያድናል።

አሁን አጥብቄ ልናገርበት ወደምፈልገው ነጥብ ልምጣ። በሚሠራ ሞተር ውስጥ ከፒስተኑ ፋሻዎች ሾልኮ ወደ ታች የሚወርድ የቃጠሎ ጋዝ ሁልጊዜ አለ፤ ፋሻው ባረጀ መጠን ጋዙ ይበዛል። ይህ ጋዝ መውጫው የመተንፈሻ ቱቦው ነው። ቱቦው በዝቃጭ ሲደፈን ግፊቱ በውስጥ ይጠራቀምና ዘይቱን በደከመው ሲል ወይም ጎሚኒ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። ጭነት ሲከብድ ጋዙ ይጨምራል፤ ዘይቱም ሲግል ይቀጥናል። አንድ አይሱዙ ገለምሶ ላይ ቆሞ ደረቅ ሆኖ ሳለ፣ ከሚኤሶ ቆላ ወደ ጭሮ ደጋ ዳገቱን ጭኖ ሲወጣ ቢያፈስ ይህን መጠርጠር ይገባል። ቱቦውን ሳያጸዱ አዲስ ሲል መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲሱም በዚያው ግፊት ያፈስሳል። ቱቦውን ፈትቶ ማጽዳት ግን በአብዛኞቹ መኪኖች የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም። ማንም ባለንብረት «ሞተሩ ይውረድ» ለሚለው ባለሙያ እሺ ከማለቱ በፊት «መተንፈሻውን አይተኸዋል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

የክዳን ጎሚኒ ሲያፈስ ብሎኖቹን በኃይል ማጥበቅ ልማድ ሆኗል። የክዳን ብሎን የሚፈልገው ጥብቀት ጥቂት ነው፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ክዳኑ ይጣመማል፣ መፍሰሱም ይብሳል። ሲሊኮን በብዛት መቀባትም እንዲሁ ነው፦ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ሊደፍን ይችላል። ማፍሰስን ያቆማሉ ተብለው ስለሚሸጡ ፈሳሾች ብዙ አልልም። የደረቀን ጎሚኒ ለጊዜው ሊያለሰልሱ ይችላሉ፤ የተሰነጠቀውን አይጠግኑም።

(በነገራችን ላይ ቴስታታ፣ ኮፓ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ሁሉ የጣልያንኛ ቃላት ናቸው። ተማሪዎቻችን በመጽሐፍ ሌላ ስም ቢያገኙም የጋራዡን ስም አይናቁ፤ ከባለሙያው ጋር የሚያግባባቸው እርሱ ነው።)

ታዲያ ከየትኛው መፍሰስ ጋር እየተከታተሉ መኖር ይቻላል? በ500 ኪሎሜትር ዘንጉ ላይ ለውጡ እምብዛም የማይታይና ወደ መሬት ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ በየማለዳው እያዩ እስከሚቀጥለው ጥገና መቆየት ይቻላል። በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ የሚወርድ ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አንድ ቀን አያድርም። ፍሪሲዮን ላይ የሚደርሰው በዳገት ላይ ያንሸራትታል። የዘይት መብራት በጉዞ መካከል ከበራ ደግሞ ወዲያው ሞተር ማጥፋት እንጂ «እስከ በዴሳ ልድረስ» ማለት የለም። የጫት ጭነት እንደሚቸኩል አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ዘይት የሌለው ኩሽኔታ ለመበላሸት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

በመጨረሻ ስለ ተቀየረው ዘይት። ወደ ቦይ የተደፋ ዘይት ዝናብ ሲመጣ ከብቶቻችን ወደሚጠጡት ውኃ ይወርዳል። በጀሪካን አጠራቅሞ፣ ከድኖ ማስቀመጥና ለሚሰበስብ መስጠት ይሻላል። ከሥር የሚደረግ አሮጌ ትሪም ጠብታውን ይይዛል፣ መጠኑንም ያሳያል።

ግቢው ውስጥ ከሥሩ ካርቶን ያነጠፍንለት አንድ ሀይሉክስ ቆሟል። ሞተሩ ማለዳ ታጥቧል። ጥያቄያችሁን እዚያው ብትጠይቁኝ ይሻላል፤ ባትሪ የያዛችሁ ይዛችሁ ውጡ።