ሽጉጥና ጥይት፦ የአስተማማኝነት ፍተሻ የሚያረጋግጠውና የማያረጋግጠው



ለአንድ የፖሊስ ባልደረባ ወይም ለአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሽጉጥ ከመታደሉ በፊት፣ መሣሪያው ተፈትሾ ለአገልግሎት ብቁ ሆኖ መገኘቱን አንድ ባለሙያ በፊርማው ያረጋግጣል። ሽጉጡን የሚታጠቀው ሰው ያንን ወረቀት አያየውም፤ የፈረመውንም ሰው ላያውቀው ይችላል። ይሁን እንጂ ክፉ ቀን መጥቶ ቃታውን ሲስብ፣ ሕይወቱን የሚጥለው በዚያ ፊርማ ላይ ነው። የዛሬው ንግግር ጉዳይም ይኸው ፊርማ ነው፤ ይኸውም ፈራሚው በእርግጥ ያረጋገጠው ምን እንደሆነና ያላረጋገጠው ምን እንደሆነ ለይቶ ማሳየት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የተለመደ አነጋገር መታረም ይኖርበታል። «ይህ ሽጉጥ ተፈትሾ ደኅና ሆኗል» ይባላል። ነገር ግን ሽጉጥ ብቻውን ተፈትሾ አያውቅም። የሚፈተሸው ሽጉጡ፣ ጥይቱ፣ ጥይቱን የሚይዘው ካዝና፣ እንዲሁም መሣሪያውን የጨበጠው እጅ በአንድነት ነው። ከአራቱ አንዱ ከተለወጠ የተፈተሸው ነገር ሌላ ሆነ ማለት ነው። የፍተሻው ውጤት የሽጉጡ ንብረት ሳይሆን የጥምረቱ ንብረት መሆኑን ያልተረዳ ባለሙያ፣ በቅን ልቦና ሐሰት ይፈርማል።

የአማርኛ ተናጋሪ መሣሪያ ሲከዳው ሁለት ቃላት አሉት፤ አንዱ «ከሸፈ»፣ ሁለተኛው «ነከሰ» የሚል ነው። ልዩነቱ ለባለሙያም ይጠቅማል። የከሸፈ ጥይት የመምቻው መርፌ መትቶት ያልተኮሰ ነው፤ ጥፋቱ ከማቀጣጠያው፣ ከባሩዱ ወይም ከመርፌው አመታት ሊሆን ይችላል። የነከሰ መሣሪያ ግን ጥይቱ ደኅና ሳለ በመጉረስና በመትፋት ዙር መካከል ተሰንቅሮ የቀረ ነው። ክሽፈትን በአብዛኛው አንድ አካል ብቻውን ያመጣዋል፤ ንክሻ ግን ብዙ ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት አካላት አለመስማማት ውጤት ነው።

ይህ አለመስማማት ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር ማስታወስ ይበቃል። በተሽከርካሪ ጎሬ በሚሠራው ሪቮልቨር ቀጣዩን ጥይት የሚያቀርበው የተኳሹ ጣት ነው። ራሱን በሚያጎርሰው ሽጉጥ ግን ይህን ሥራ የሚያከናውነው ጥይቱ ራሱ ነው። ባሩዱ ሲነድ አረሩን ወደ ፊት በገፋው መጠን ስላይድ የሚባለውን ተንሸራታች የላይ አካል ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስላይዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ጥፍሩ ባዶውን ቀለህ ስቦ ያወጣል፤ ቀለሁም ተወርውሮ ይወድቃል፤ ሞላውም ይታመቃል። ሞላው ሲመለስ ስላይዱ ከካዝናው አፍ አዲስ ጥይት ገፍቶ በመወጣጫው በኩል ወደ ጎሬው ያስገባል። ይህ ሁሉ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል።

እንግዲህ ጥይቱ የመሣሪያው ምግብ ብቻ ሳይሆን የመሣሪያው ሞተር ጭምር ነው። ኃይሉ ቢያንስ ስላይዱ ሙሉ መንገዱን ሳይሄድ ይመለሳል፤ ቀለሁም መውጫው ላይ ይያዛል። ኃይሉ ቢበዛ ደግሞ ስላይዱ እጅግ ፈጥኖ ስለሚመለስ የካዝናው ሞላ ቀጣዩን ጥይት በወቅቱ ከፍ ሳያደርገው ይቀርና ጎሬው ባዶውን ይዘጋል። የአረሩ አፍንጫ ቅርጽ ቢለወጥ በመወጣጫው ላይ የሚሄድበት መንገድ ይለወጣል። የተኳሹ ጭብጥ ቢላላ ስላይዱ የሚነሣበት ጽኑ መደገፊያ ስለማያገኝ፣ ጤነኛ ሽጉጥ ከጤነኛ ጥይት ጋር ይነክሳል።

በጥይት ሣጥን ላይ የሚነበበው ስም ይህን ልዩነት አይናገርም። «9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሦስት ሣጥኖች፣ አንዱ ወደ 7.5 ግራም፣ ሁለተኛው 8 ግራም፣ ሦስተኛው 9.5 ግራም የሚመዝን አረር ያላቸውን ጥይቶች ሊይዙ ይችላሉ። የአንዱ አፍንጫ ክብ፣ የሌላው ጠፍጣፋ፣ የሦስተኛው ክፍት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በአንድ ጎሬ ይገባሉ፤ ሦስቱም ከአንድ ሽጉጥ ይተኮሳሉ። መግባት ግን መስማማት አይደለም።

ይህን አስተያየት የታሪክ መዝገብ ይደግፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1911 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አዲስ ሽጉጥ ለመምረጥ ሁለት ተወዳዳሪዎችን ለመጨረሻ ጊዜ አፋለመ። አንዱ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የኮልት ሽጉጥ ሲሆን ሁለተኛው የሳቬጅ ነበር። ከእያንዳንዳቸው 6,000 ጥይት ተተኮሰ። የሳቬጁ 37 ጊዜ ሲሰናከል፣ የኮልቱ አንድም ጊዜ ሳይሰናከል ጨረሰ። በዚያው ዓመት በእ.ኤ.አ. አቆጣጠር ማርች 29 ቀን ሠራዊቱ የኮልቱን ተቀበለ። ይህ ውጤት እስከ ዛሬ ድረስ የሽጉጡ ክብር ሆኖ ይነገራል። ከሽጉጡ ጋር አብሮ ያደገው ጥይት ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የአረሩ ክብደት በመጀመሪያ 13 ግራም ያህል ነበር፤ በሠራዊቱ ጥያቄ ወደ 14.9 ግራም ከፍ ብሎ፣ ክብ አፍንጫና ሙሉ የብረት ሽፋን ያለው ሆኖ ጸና። ሽጉጡና ጥይቱ ለዓመታት እየተሞካከሩ እርስ በርስ ተስተካከሉ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አፍንጫቸው ክፍት የሆኑ አረሮች ለፖሊስ አገልግሎት ሲስፋፉ፣ ያው የ1911 ንድፍ አዲሱን ጥይት አልውጥ ብሎ የሚነክስ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያ ጠጋኞች መወጣጫውን እየሞረዱና እያለሰለሱ ማስተካከል የተለመደ ሥራቸው ሆነ። ሽጉጡ አልተበላሸም፤ የ1911ዱም ፍተሻ አልተሳሳተም። የተለወጠው የጥምረቱ አንድ ወገን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሽጉጥ ወጥቶ ወደ ጠብመንጃ ይሻገራል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ስለሆነና የተከፈለበት ዋጋ ከባድ ስለነበረ መጠቀስ ይገባዋል። ኤም 16 የሚባለው ጠብመንጃ ሲነደፍ የተሞከረው በአንድ ዓይነት ባሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሌላ ዓይነት፣ ማለትም እንክብል ባሩድ ለጥይቱ ተፈቀደ። አዲሱ ባሩድ የመሣሪያውን የአተኳኮስ ፍጥነት ከተወሰነለት በላይ ከፍ አደረገው፤ ጥላሸቱም በዛ። በአዲሱ ባሩድ መሣሪያዎቹ የርክክቡን ፍተሻ ለማለፍ ሲቸገሩ፣ ፋብሪካው ለርክክብ በቀድሞው ባሩድ የተሞላ ጥይት እንዲጠቀም ተፈቀደለት። ወደ ቬትናም የሚላከው ጥይት ግን በአዲሱ ባሩድ የተሞላ ነበር። በዚህ ላይ ጎሬው በክሮም አልተለበጠም፤ ለወታደሮቹም በቂ የጽዳት ዕቃ አልታደለም ነበር። በጦር ሜዳ ጠብመንጃዎቹ ነከሱ፤ ሰዎችም መሣሪያቸውን ለማስለቀቅ ሲታገሉ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ጥፋቱን በግልጽ አወጣ፤ ጎሬውም በክሮም እንዲለበጥ ተደረገ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የርክክቡ ሰነድ ላይ የሰፈረው ቃል በፊደሉ ሐሰት አልነበረም። መሣሪያው በእርግጥ ተፈትሾ በእርግጥ አልፏል። ይሁን እንጂ የተፈተሸው ጥምረት ወታደሩ እጅ ያልገባ ጥምረት ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ የቅርብ ጊዜ ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ2017 ኤም 17 እና ኤም 18 የተባሉ አዲስ ሽጉጦችን መረጠ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የፍተሻ መሥሪያ ቤት በ2018 መጀመሪያ ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት፣ ሽጉጦቹ ሙሉ ሽፋን ባለው ተራ ጥይት ሲተኮሱ፣ አፍንጫው ክፍት በሆነው ልዩ ጥይት ከሚተኮሱበት ይልቅ አዘውትረው መሰናከላቸውን ገለጠ። አንዳንድ ጊዜም ባዶው ቀለህ ሲወጣ ያልተተኮሰ ጥይት አብሮት ይወጣ ነበር። ይህ ከተለመደው ግምት ተቃራኒ ነው፤ ባለሙያዎች ችግር የሚጠብቁት ከክፍት አፍንጫው ነበርና። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ስንክልናዎች የመጨረሻው ጥይት ካለቀ በኋላ ስላይዱ ክፍት ሆኖ አለመቆሙ ነበር፤ ለዚህም ምክንያቱ የተኳሹ እጅ ማቆሚያውን መጫኑ መሆኑ ተመለከተ። ከላይ አራተኛ ሆኖ የተቆጠረው እጅ በሪፖርቱ ውስጥ ድርሻውን አገኘ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ስንት ጥይት መተኮስ ይበቃል የሚለው ነው። አንድ ካዝና ተኩሶ «ይሠራል» ማለት የተለመደ ነው። የቁጥር ሕግ ግን ለዚህ ልማድ አይራራም። ምንም ስንክልና ሳይታይ የተተኮሰው ጥይት ብዛት ቢታወቅ፣ 3ን ለዚያ ቁጥር በማካፈል እውነተኛው የስንክልና መጠን በ95 ከመቶ እርግጠኛነት ከምን እንደማይበልጥ መገመት ይቻላል። 50 ጥይት ያለ እንከን ቢተኮስ ስንክልናው ከመቶ እስከ 6 ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። 200 ቢተኮስ ከመቶ እስከ አንድ ተኩል ይሆናል። በ1911 የተተኮሰው 6,000 እንኳ የሚያረጋግጠው ከ2,000 ጥይት አንድ ገደማ እንደማይበልጥ ነው።

አንድ ከመቶ ትንሽ የሚመስለው ሊኖር ይችላል። ከመቶ አንድ ጊዜ የሚሰናከል ጥምረት 15 ጥይት በተከታታይ ሲተኮስ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመሰናከሉ ዕድል ከመቶ 14 ነው፤ በሌላ አነጋገር ከሰባት ካዝና አንዱ ይነክሳል። ያው ጥምረት 200 ጥይት ያለ አንዳች እንከን ጨርሶ ፈታሹን የማታለል ዕድሉ ደግሞ ከመቶ 13 ያህል ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ብሂል ለመሣሪያ ፈታሽ የተነገረ ይመስላል።

ከቁጥሩ ማነስ የሚብሰው ግን የቆጣሪው አድልዎ ነው። ፍተሻው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሽጉጡ አንድ ጊዜ ነከሰ እንበል። ፈታሹ «ይህስ የጥይቱ ጥፋት ነው» ብሎ ሳይመዘግበው ያልፋል። ሌላ ጊዜ ሲነክስ «ካዝናው አሮጌ ነው» ይላል። በመጨረሻው «ተኳሹ ላላ አድርጎ ይዞት ነው» ይላል። ሦስቱም ምክንያቶች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ሽጉጡን የሚታጠቀው ሰው ያንኑ ጥይት፣ ያንኑ ካዝናና ያንኑ እጅ ይዞ ነው የሚወጣው። ምክንያቱ መጻፍ አለበት፤ ምክንያት ስለተገኘ ግን ስንክልናው ከቁጥር መውጣት የለበትም።

ስለሆነም ኃላፊነቱን የሚያውቅ ፈታሽ መዝገቡ ላይ የሚያሰፍራቸው ነገሮች አሉ። የሽጉጡ ቁጥር፣ የጥይቱ ፋብሪካ፣ የአረሩ ክብደትና ቅርጽ፣ የምርት ምድቡ ቁጥር በቅድሚያ ይጻፋሉ። ካዝናዎቹ እያንዳንዳቸው ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ስንክልናው በአንድ ካዝና ላይ ብቻ ከተደጋገመ በሽታው ወዲያው ይታወቃልና። ከመጨረሻው ጽዳት በኋላ ስንት ጥይት እንደተተኮሰ፣ ምን ዘይት እንደተቀባ፣ የቀኑ ሙቀት ስንት እንደነበረ ይመዘገባል። ተኳሾቹ ከአንድ በላይ ይሆናሉ፤ በሁለት እጅም፣ በቀኝ ብቻም፣ በግራ ብቻም ይተኩሳሉ። እያንዳንዱ ስንክልና በስንተኛው ጥይት እንደደረሰና ክሽፈት ወይም ንክሻ መሆኑ ተለይቶ ይሰፍራል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚፈተሸው ጥይት ለሥራ የሚታደለው ጥይት መሆን አለበት። በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ የአገልግሎት ጥይት ከመለማመጃው ጥይት ይልቅ ውድ ነው፣ በጀቱም ጠባብ ነው ይባላል። ተቃውሞው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ለሽጉጡ ራሱ ጤንነት በርካሹ ጥይት ብዙ መተኮስ ተገቢ ነው። ለጥምረቱ ግን ርካሹ ጥይት ምስክር ሊሆን አይችልም። በጀቱ ለ200 የአገልግሎት ጥይት ብቻ የሚበቃ ከሆነ 200 ይተኮስና ወረቀቱ ላይ «በዚህ ጥይት 200፣ ስንክልና የለም» ተብሎ ይጻፍ። ይህ አነስተኛ ቃል ነው፤ ነገር ግን እውነት ነው። «ተፈትሾ ደኅና ሆኗል» የሚለው ትልቅ ቃል ባዶ ሊሆን ይችላል።

እንዲሁም ወረቀቱ ዕድሜ አለው። አዲስ የጥይት ግዥ ሲመጣ፣ የሌላ ፋብሪካ ካዝና ሲገባ፣ ሞላ ሲለወጥ የቀድሞው ውጤት ታሪክ ይሆናል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ግዥው ክፍል ጥይት በለወጠ ቁጥር ለፍተሻው ክፍል ማስታወቅ የሥራ ወግ ሊሆን ይገባል። በኤም 16 ላይ የደረሰው ጥፋት ሥሩ ባሩድን የሚመርጠውና መሣሪያን የሚረከበው አካል በአንድ ጥምረት ላይ እንደሚሠሩ አለማሰባቸው ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፤ የፈታሽ ሥራ ምስጋና የሌለው ሥራ ነው። በደንብ የተሠራ እንደሆነ ምንም አይሰማም፤ ሽጉጡ በሚፈለግበት ሰዓት ይሠራል፣ ባልደረባውም ወደ ቤቱ ይገባል፣ ማንም ፈታሹን አያስታውሰውም። ያልተሠራ እንደሆነ ግን ከሟቹ አጠገብ የሚገኘው ተሰንቅሮ የቀረ ቀለህና የተፈረመበት ወረቀት ነው። ስለዚህ ብዕር ከመነሣቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ይህ ሽጉጥ ይሠራል ወይ?» የሚለው አይደለም። «ይህ ሽጉጥ፣ በዚህ ጥይት፣ በዚህ ካዝና፣ በዚህ እጅ ስንት ጊዜ ተተኮሰ፣ ስንት ጊዜስ ተሰናከለ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በቁጥር መልስ ያለው ይፈርም፤ የሌለው ግን ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ተኩሱ ሜዳ ይመለስ።