ሁለት ዳኞች በአንድ ሜዳ



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ነገር በትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ከአስቸጋሪ ባልደረባ ጋራ አብሮ ስለ መዳኘት ነው። የልጆች ጨዋታ ስለ ሆነ ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቋንቋችን በችሎት የሚፈርደውንም በሜዳ ፊሽካ የሚነፋውንም በአንድ ስም ዳኛ ብሎ ይጠራል። ልጅ ችሎት ከመቆሙ አስቀድሞ ፍርድ ምን እንደ ሆነ የሚያየው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ነውና፤ በዚያ ያየውን ይዞ ያድጋል።

ይህን ጨዋታ በ1884 ዓመተ ምሕረት፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1891፣ በአሜሪካ አገር ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ያወጣው ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል መምህር ነው። የኮክ ፍሬ የሚያዝባቸውን ሁለት ቅርጫቶች በአዳራሹ ግራና ቀኝ ሰቅሎ ስለ አጫወተ ስሙ ቅርጫት ኳስ ሆኖ ቀረ። እርሱ በጻፋቸው 13 ሕጎች ዳኞቹ ከመጀመሪያው ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ሰዎቹን እየተመለከተ ጥፋታቸውን ይቈጥራል፤ ሁለተኛው ኳሱን ይመለከታል፤ ጊዜውንም ይጠብቃል። ከዚህ የምንረዳው የአንድ ሰው ዓይን ሰውንና ኳስን ባንድነት ለመጠበቅ እንደማይበቃ ነው።

ዛሬም ሁለት ዳኞች ሲያጫውቱ ሥራው የተከፈለ ነው። አንዱ ከቅርጫቱ በስተኋላ ባለው መስመር ቆሞ በቅርጫቱ ሥር የሚጋፉትን ይመለከታል፤ ሁለተኛው ከጨዋታው ኋላ ሆኖ ኳስ ይዞ የሚመጣውንና ከሩቅ የሚወረውረውን ይከተላል። ጨዋታው ወደ ሌላው ቅርጫት ሲዞር ሥራቸው ይለዋወጣል። ከሁለቱ አንዱ ዋና ዳኛ ነው፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ነፍተው ፍርዳቸው ቢለያይ የመጨረሻው ቃል የርሱ ይሆናል። ነገር ግን አንዱ ዳኛ በሥራው ወሰን የፈረደውን ሌላው ሊሽረው እንደማይችል ዓለም አቀፉ ሕግ ያዛል።

እንግዲህ አስቸጋሪ ባልደረባ በሦስት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው በገዛ ወሰኑ አልበቃው ብሎ በባልደረባው ፊት የሆነውን ሁሉ የሚነፋ ነው። ሁለተኛው የተመልካቹን ጩኸት ፈርቶ ዝም የሚል ነው። ሦስተኛው ለመጣበት ትምህርት ቤት የሚያዳላ ነው።

ወሰን የሚያልፈው ቢገጥማችሁ እናንተም ወሰን በማለፍ አትመልሱለት። ሁለታችሁም ኳሱን ስትከተሉ በቅርጫቱ ሥር የሚሰነዘረውን ክርን የሚያይ አይኖርም፤ በእልኻችሁ የሚጐዳውም ልጁ ነው። ፈሪው ቢገጥማችሁ የርሱን ፊሽካ ጨምራችሁ አትንፉ፤ ጨዋታው ቆሞ ሳለ ጠጋ ብላችሁ፣ «በዚያ ወገን ግፊያው በዝቷል፣ አብረን እንጠብቀው» ብትሉት ልቡ ይበረታል። የሚያዳላው ቢገጥማችሁ ግን ሚዛኑን አቀናለሁ ብላችሁ ለሌላው ወገን አታዳሉ፤ ሁለት አድልዎ ቢደመር አንድ ፍርድ አይወጣውም።

ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ከጨዋታው በፊት የሚደረግ ንግግር ነው። ሁለቱ ዳኞች ቀደም ብለው ተገናኝተው፣ ማን የቱን ወሰን እንደሚጠብቅ፣ ሁለቱም ባንድነት ቢነፉ ምልክት ከማሳየታቸው አስቀድሞ ዓይን ለዓይን እንዲተያዩ፣ ለአሠልጣኞቹ ጥያቄ ማን እንደሚመልስ ይስማሙ። አስቀድሞ የተስማማ ሰው ኋላ ቢጣላ እንኳ የሚመለስበት ቃል አለው።

በጨዋታው መካከል በሕዝብ ፊት ባልደረባን መዝለፍ፣ ራስን መነቅነቅ፣ ወይም «እኔ አላየሁትም» ብሎ ለተጫዋች መንገር ፈጽሞ አይገባም። ልጆቹ የዳኞቹን መለያየት ባዩ ጊዜ ጨዋታውን ትተው ከሁለቱ የሚስማማቸውን ዳኛ መፈለግ ይጀምራሉ። ሁለት በሬ የጠመደ ገበሬ አንዱ ቢለግምበት ትልሙ መካከል ላይ ቀንበር አይፈታም፤ ዳር ሲደርስ ያየዋል።

ነገር ግን ይህ ዝምታ ወሰን አለው። በዓይን የሚፈረደው፣ ማለት ገፋው ወይስ አልገፋውም የሚለው፣ ቅርብ ሆኖ ላየው ዳኛ ይተው። በቍጥርና በሕግ የሚታወቀው ግን ዝም የሚባልበት አይደለም። የቅርጫት ኳስ ሕግ ራሱ፣ ያልተገባ የቅጣት ውርወራ ቢሰጥ፣ ወይም ሌላ ልጅ ቢወረውር፣ ወይም ነጥብ ያለ አግባብ ቢጻፍ፣ ጊዜው ሳያልፍ እንዲታረም ፈቅዷል። እኔ በጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጬ ነጥብ የምመዘግብ ጸሐፊ ነኝና ይህን እመሰክራለሁ፤ መዝገብ ለማንም አያዳላም። አምስት ጥፋት የሞላበት ልጅ የማንም ልጅ ቢሆን ይወጣል። ስለዚህ ክርክር በተነሣ ጊዜ ወደ ባልደረባችሁ ሄዳችሁ በዝግታ፣ «መዝገቡን አብረን እንይ» በሉት፤ ፍርዱንም እርሱ ራሱ ያርመው። ልጅ ቢጐዳ ግን ጨዋታውን ለማቆም የባልደረባን ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም።

ጨዋታው ሲፈጸም ሁለቱ ዳኞች መዝገቡን አይተው ይፈርሙ፤ ከሜዳውም አብረው ይውጡ። ቅሬታ ያለው በዚያን ጊዜ ለብቻ ይናገር፤ የሰውየውን ጠባይ ሳይሆን የሆነውን ነገር ያንሣ። አድልዎው በየጊዜው የሚደጋገም ከሆነ ለትምህርት ቤቶቹ ዲሬክተሮች መንገር ይገባል፤ ይህ ነገር ማመላለስ አይደለም፤ ልጆችን መጠበቅ ነው።

እናንተም ሽማግሌዎች በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አላችሁ። በሽምግልና ጊዜ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሽማግሌ ይጠራል፤ የተጠራው ሽማግሌ ግን ከተቀመጠ በኋላ የጠራው ሰው ጠበቃ አይደለም፤ የእውነት ነው እንጂ። ሁለት ትምህርት ቤቶች ሲገጥሙ ከየወገኑ አንድ መምህር ለዳኝነት ቢወጣ ነገሩ እንዲሁ ነው። «የኛ ዳኛ» ብሎ የሚጮኸውን ጐልማሳ ገሥጹት፤ በዚያ ሰዓት የናንተ ዳኛ የለም፤ የልጆቹ ሁሉ ዳኛ ነው።

ባልደረባን መምረጥ ብዙ ጊዜ በእጃችን አይደለም፤ ከርሱ ጋራ የምንሠራበትን መንገድ መምረጥ ግን በእጃችን ነው። አሳባቸው የተለያየ ሁለት ሰዎች ለአንድ ሕግ ሲታዘዙ ልጆቻችን ካዩ፣ ከተጻፈው ትምህርት የማያንስ ትምህርት ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።