ነህምያና የአገረ ገዥው ማዕድ

ሥልጣን ከእግዚአብሔር የተሰጠ አደራ እንደ ሆነ ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። አደራው በሥራ እንዴት እንደሚጠበቅ ግን የሰውን ኑሮ ካላየን በቀር በደንብ አይገባንም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ነህምያ እንናገራለን፤ የምንናገረውም ስለ ሠራው ቅጥር ሳይሆን፥ ቅጥሩ ሲሠራ ስለ ተሰማውና በመጽሐፉ በ5ኛው ምዕራፍ ስለ ተጻፈው ጩኸት ነው።

ነህምያ የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ዓመት ገደማ በንጉሡ ፈቃድ ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ በይሁዳ ላይ ገዥ ሆነ። ሕዝቡ በአንድ እጁ እየሠራ በሌላው የጦር መሣሪያ ይዞ ሳለ፥ ድኾች ከሚስቶቻቸው ጋር ሆነው ጮኹ። የጮኹትም በጠላት ላይ አልነበረም፤ በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ነበረ እንጂ። በራብ ጊዜ እህል ለማግኘት እርሻቸውን፥ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘዋል፤ ለንጉሡ ግብር ገንዘብ ተበድረዋል፤ ልጆቻቸውንም ለባርነት እስከ መስጠት ደርሰዋል።

ነህምያ ይህን በሰማ ጊዜ እጅግ ተቈጣ። ነገር ግን በቍጣው ወዲያው አልፈረደም፤ አስቀድሞ ከልቡ ጋር ተማከረ። ከዚያም ታላቅ ጉባኤ ሰብስቦ መኳንንቱንና ሹማምቱን ገሠጻቸው። ለአሕዛብ የተሸጡትን ወገኖች ገና በዋጁበት ጊዜ እነርሱ መልሰው መሸጣቸውን ቢነግራቸው፥ የሚመልሱት ቃል አጡ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ነህምያ ሌሎቹን ሲወቅስ ራሱን ነጻ አላወጣም፤ እርሱም፥ ወንድሞቹም፥ ሎሌዎቹም ገንዘብና እህል እንዳበደሩ በጉባኤው ፊት ተናገረ። አራጣው እንዲቀር ሲያዝም «ተዉ» ሳይሆን «እንተው» ብሎ ነው። በእኛ አስተያየት ከቅጥሩ ሁሉ ይልቅ ይህች አንዲት ቃል ትከብዳለች፤ ከአዛዡ ኪስ የሚጀምረውን ትእዛዝ እንቢ ለማለት ምክንያት የሚያገኝ ማን ነው? መኳንንቱም የያዙትን ሁሉ ለመመለስ ተስማሙ። እርሱ ግን በተስፋ ብቻ አልረካም፤ ካህናትን ጠርቶ አስማላቸው። በጎ ፈቃድ በጉባኤ ፊት ይሞቃል፥ በማግሥቱ ይቀዘቅዛልና።

ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዦች ከሕዝቡ እንጀራና ወይን፥ ደግሞም 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር። መጽሐፉ በዚህ አያበቃም፤ ሎሌዎቻቸውም በሕዝቡ ላይ ይሠለጥኑ እንደ ነበረ ይጨምራል። መጨመሩም በከንቱ አይደለም፤ ድኻው ብዙውን ግፍ የሚቀምሰው ከጌታው ሳይሆን ከደጅ ጠባቂው እጅ ነውና፥ ሹም ስለ ሎሌው «አላየሁም» ማለት አይበቃውም። የነህምያ ሎሌዎች ግን ከሕዝቡ ጋር በቅጥሩ ሥራ ላይ ነበሩ፤ እርሱም ለ12 ዓመት የገዥነቱን ቀለብ አልበላም። ማዕዱ ባዶ ስለ ነበረ አይደለም፤ 150 ሰዎች ይበሉበት ነበር፥ ለየቀኑም አንድ በሬና ስድስት ምርጥ በጎች ይዘጋጁ ነበር። ቀለቡን የተወው እግዚአብሔርን ስለ ፈራና የሕዝቡ ሸክም እንደ ከበደ ስላየ ነው። ድኻው መሬቱን በሚያስይዝበት በዚያ ዘመን፥ ለገዥ እርሻ ማካበት እጅግ ቀላል ሳለ፥ እርሱ አንድ እርሻ እንኳ አልገዛም።

ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። ነህምያም ስለዚህ ሁሉ ከሕዝቡ ዋጋ አልጠየቀም፤ አምላኩ በበጎ እንዲያስበው ብቻ ለመነ።