ሆስፒታሉ ወደ ቤት ሲመጣ አስታማሚዋስ?

የተሰጠኝ ዐሥር ደቂቃ ነውና ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የቤት ለቤት ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቁስል ማጠብና ግፊት መለካት ነው። እኔ የምለው ግን አልጋ ይዞ መተኛት የሚገባውን በሽተኛ፣ ከነኦክስጅኑና በደም ሥር ከሚሰጠው መድኃኒት ጋር ቤቱ ማከምን ነው። በአሜሪካ ይህንን በ1990ዎቹ አጋማሽ የሞከሩት የጆንስ ሆፕኪንሱ ዶክተር ብሩስ ሌፍና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በሽተኞቹ አረጋውያን፣ በሽታዎቹም አራት ነበሩ፦ የሳንባ ምች፣ የልብ ድካም፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታና የቆዳ ኢንፌክሽን። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናታቸው ቤታቸው የታከሙት በአማካይ 3.2 ቀን፣ ሆስፒታል የተኙት 4.9 ቀን ቆዩ፤ ወጪውም ቀነሰ። እኔን የገረመኝ ግን ዴሊሪየም የምንለው ድንገተኛ መደናገር ቤት በታከሙት ላይ ማነሱ ነው። ሽማግሌ የለመደውን ግድግዳ እያየ ሲያድር ይረጋጋል፤ ይሄንንማ እናቶቻችን ያለ ጥናትም ያውቁታል።

ታዲያ ለምን ወዲያው አልተስፋፋም? ከፋይ ስላልነበረ ነዋ! ሜዲኬር እንደ ተኝቶ ሕክምና ቆጥሮ እንዲከፍል በሩ የተከፈተው በኮሮና ወቅት፣ በኖቬምበር 2020 ነው። ያውም ከነግዴታው፦ በየቀኑ የሐኪም ክትትል፣ በቀን ሁለት ጊዜ በአካል ጉብኝት፣ ድንገተኛ ነገር ሲፈጠር በ30 ደቂቃ ውስጥ መድረስ። ይህ ግዴታ ከሌለ በሽተኛውን ወደ ቤቱ ሸኘነው እንጂ አከምነው አይባልም።

ወደ እኛ ስመጣ፣ በዎርዶቻችን የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው ያለ አስታማሚ አንድ ሌሊት አይታደርም። ምግብ የምታመላልሰው፣ መድኃኒት ፍለጋ የምትዞረው፣ መሬት ላይ አንጥፋ የምታድረው እሷ ናት። (“እሷ” ማለቴ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ስለሆነች ነው።) ቤት ብናክምላት ይሄ ይቀልላታል። ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ማን ስልክ ያነሳላታል? መብራት ሲጠፋስ የኦክስጅን ማሽኑ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይያዙት የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ፤ አልስማማም። የተሸከሙት የመከላከል ሥራ ይበቃቸዋል።

እንጀምር ካልን በቆዳ ኢንፌክሽን እንጀምር፤ ኦክስጅን አይፈልግም። ከሆስፒታሉ በግማሽ ሰዓት ርቀት ውስጥ የሚኖሩ ጥቂት በሽተኞች፣ አንድ መኪና፣ አንድ ስልክ፣ የሌሊት ተረኛ ነርስና ሐኪም ይበቃሉ። ውጭ ያለን ምሩቃን ማሽን መላክ ይቀናናል፤ ለፎቶም ያምራል። ዘንድሮ ግን የተረኞቹን የሁለት ዓመት አበል እናዋጣ። ከምሳ በኋላ ከውስጥ ደዌ መምህራን ጋር ቁጭ ብለን ሒሳቡን እንሠራለን፤ የምትችሉ ኑ።