የሯጭ ሰውነት እሳትና የጠርሙሱ ቅጠል
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



በዛሬው በዓል ስለ ስፖርት እንድናገር ስታዘዝ ብዙዎቻችሁ የሩጫ ቡድናችን ያገኛቸውን ዋንጫዎች የምቈጥር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንዲት ጠርሙስ ለመናገርና ስሕተቴን በፊታችሁ ለማመን ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉና።

ባለፈው ዓመት የ5,000 ሜትር ልምምድ በጠነከረብኝ ጊዜ፣ እናቴ ለጫማ ብላ በሰጠችኝ ገንዘብ ከአንድ ሱቅ የዕፀዋት እንክብል ገዛሁ። በጠርሙሱ ላይ ከአረንጓዴ ሻይ፣ ከእርድና ከጂንሰንግ የተዘጋጀ መሆኑ፣ የሯጭን ድካም የሚያጠፋና «ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ» የተባለውን ጉዳት የሚከላከል መሆኑ ተጽፎበታል። ከየትኛው ቅጠል ምን ያህል እንደ ገባበት ግን አልተጻፈም። ሁለት ወር ሙሉ ዋጥሁት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኪሳራው የእኔ ብቻ በሆነ ነበር። አንድ ቀን ግን ከቡድናችን ሁሉ ታናሽ የሆነው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ወደ እኔ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ አንተን አይቼ እኔም ገዝቻለሁ፤ በቀን ስንት ልዋጥ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። የማላውቀውን ነገር ሁለት ወር ስውጥ ያልደነገጥሁት ሰው፣ ይህ ልጅ ሲጠይቀኝ ደነገጥሁ። ወደ ሳይንስ መምህራችን ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ሳይቈጡኝ፣ «እንግዲያውስ ለልጁ የምትሰጠውን መልስ ፈልገህ አምጣ» አሉኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን መልስ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ለመሆኑ ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ ምንድር ነው? እናቶቻችን እንጨት ሲያነዱ እሳቱ ምጣዱን ያግላል፤ ነገር ግን ፍንጣሪም ይወጣዋል። ሰውነታችንም እንዲሁ ነው። በሴሎቻችን ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ፤ እነርሱም የበላነውን በምንተነፍሰው ኦክሲጅን አቃጥለው ኀይል ይሰጡናል። ጠንክረን ስንሮጥ የሰውነታችን የኦክሲጅን ፍጆታ በዕረፍት ጊዜ ከነበረው ከ10 እስከ 20 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከነዚህ ምድጃዎችና ከሌሎችም የጡንቻው ክፍሎች ፍሪ ራዲካል የተባሉ ቅንጣቶች እንደ ፍንጣሪ ይወጣሉ። ኤሌክትሮናቸው ጥንድ ያጣ ስለ ሆነ፣ ከሴሉ ስብና ፕሮቲን ይነጥቃሉ። ብዛታቸው ከሰውነት መከላከያ ሲበልጥ ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ ደረሰ ይባላል። በ1982 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌ የነበሩ ሊቃውንት አይጦችን እስኪዝሉ ድረስ አስሩጠው፣ በጡንቻቸውና በጉበታቸው ውስጥ ፍሪ ራዲካል ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ጨምሮ አገኙት።

እንግዲህ ነጋዴው የሚለን፣ «ፍንጣሪ ካለ ውሃ አፍስሱበት» ነው። ቃሉ እውነት ይመስላል። የተረሳው ግን ፈጣሪ ለሰውነታችን የራሱን ዘበኛ የሰጠው መሆኑ ነው። በ1969 ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ ሁለት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የተባለውን ኤንዛይም ሥራ ገለጡ፤ ይህ ኤንዛይም ከፍሪ ራዲካሎች አንዱን በሴሉ ውስጥ የሚያበርድ ነው። ይህ ዘበኛ የሚበረታውም ፍንጣሪውን ራሱን ሲያይ ነው።

ለዚህም ማስረጃ አለ። በጀርመን አገር የተደረገና በ2009 የታተመ ጥናት፣ ለአራት ሳምንት ልምምድ ካደረጉ ወጣት ወንዶች ለእኩሌቶቹ በየቀኑ 1,000 ሚሊግራም ቪታሚን ሲና 400 ዩኒት ቪታሚን ኢ ሰጠ። ልምምዱ ለሰውነት የሚሰጠው የስኳር አጠቃቀም መሻሻል ቪታሚኑን ባልወሰዱት ላይ ታየ፤ በወሰዱት ላይ ግን አልታየም። የሰውነት የራሱ መከላከያም የበረታው ባልወሰዱት ላይ ነው። በ2014 በኖርዌይ 54 ሰዎች 11 ሳምንት ሲለማመዱ በሩጫ ችሎታቸው እኩል ተሻሻሉ፤ ነገር ግን ቪታሚን የወሰዱት ጡንቻ ውስጥ የሚቶኮንድሪያ መጨመር ምልክት እንደ ሌሎቹ አልታየም። በእርግጥ እነዚህ ቪታሚኖች እንጂ ቅጠሎች አይደሉም። ቢሆንም በቅጠሉ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ተስፋ ያው ተስፋ ስለ ሆነ፣ ማስጠንቀቂያው ለእርሱም ይሆናል።

ታዲያ ዕፀዋት ከንቱ ናቸው ማለቴ ነውን? አይደለም። በ2010 በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት በቀን 2 ግራም ዝንጅብል ለ11 ቀን የበሉ ሰዎች፣ ክንዳቸውን በከባድ ሥራ ካደከሙ በኋላ በማግሥቱ ሕመማቸው በሩብ ያህል ቀነሰ። ዝንጅብሉ ግን ሕመም አቀለለ እንጂ ሯጭ አላደረገም። ደግሞም በወጥ ውስጥ የገባ ዝንጅብልና ተጨምቆ በእንክብል የታሸገ ቅጠል አንድ አይደሉም። ሻይ በስኒ መጠጣት የለመድነው ነገር ነው፤ ነገር ግን የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳስታወቀው፣ ኢ.ጂ.ሲ.ጂ. የተባለው የአረንጓዴ ሻይ ንጥረ ነገር በእንክብል በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ በጉበት ላይ የጉዳት ምልክት ሊያስከትል ይችላል።

ከዚህም የባሰ አለ። በ2004 በታተመ ምርመራ ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 የስፖርት ማጠናከሪያ ምርቶች ሲፈተሹ፣ በ94ቱ ውስጥ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን ተገኘ። በዓለም የፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግ ደግሞ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነው። «አላወቅሁም» ማለት አያድነውም። ስንቱ ልጅ በአንዲት ጠርሙስ ምክንያት የዓመታት ድካሙን ሊያጣ እንደሚችል አስቡት።

ስለዚህ ለታናሼ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ልምምድህን ቀስ በቀስ ጨምር፤ በቂ እንቅልፍ ተኛ፤ በሶህን፣ ሽሮህን፣ ጎመንህን፣ ፍራፍሬህን ብላ፤ ከሮጥህም በኋላ ማግሥት የሚሰማህን ቀላል ሕመም አትፍራው፤ ሰውነትህ የሚማርበት ነውና። ሕመሙ የማይለቅህ ከሆነ ግን ወደ ሐኪም ሂድ እንጂ ወደ ሱቅ አትሂድ። ልጁም ጠርሙሱን ለመምህራችን ሰጠ፤ የእኔም ጠርሙስ ከጎኑ በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

እናቴንም ከዚህ መድረክ በፊት ትናንት ማታ ነገርኋት። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ፣ «ጫማውን የት አደረስኸው ብዬ ያልጠየቅሁህ፣ አንተው እስክትነግረኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ዛሬም ከመካከላችሁ ተቀምጣለች።

ውድ ጓደኞቼ፤ ታላላቆች የሆንን ሁሉ ከኋላችን የሚሮጥ ታናሽ አለን። እግራችንን ብቻ ሳይሆን እጃችንንም ያያል። ወደ አፋችን የምናደርገውን ከማድረጋችን በፊት፣ «ልጁ ቢጠይቀኝ ምን እመልስለታለሁ?» እንበል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክልን።