የሚከራይ ቤትና የመድን ዋስትናው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)




የንግግሬ መነሻ በመካነ ሰላም ከተማ የነበረ ባለ 6 ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ሲሆኑ፣ የሚተዳደሩት በኪራዩ ነበር። ለመድን ውሉ የቤቱን ዋጋ የገመትሁት እኔ ነኝ። ከዓመታት በኋላ እሳት ተነሥቶ ቤቱ ሲወድም የተከፈላቸው ገንዘብ መልሶ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆነ። ውሉን ያፈረሰ ወገን አልነበረም፤ ያረጀው የእኔ ግምት ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን እንደሚያመለክተው፣ የንብረት መድን የካሳ ውል እንጂ የትርፍ ምንጭ አይደለም። ንብረቱ ከዋጋው በታች ዋስትና ከተገባለት ደግሞ ባለንብረቱ ለጎደለው ራሱን እንደ ዋሰ ይቆጠራል። ይኸውም መልሶ ለመሥራት 4,000,000 ብር የሚፈጅ ቤት በ2,000,000 ብር ቢዋስና የ1,000,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ የሚከፈለው 500,000 ብር ነው። ከዚህም ላይ በውሉ የተወሰነው ተቀናሽ ይነሣል። የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት በተሰላ ግምት መተማመን እጅግ አደገኛ ሆኗል።

በግምቱ ምን ይግባ? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ከመሆኑም ሌላ ስለማይቃጠል የሊዙ ዋጋ አይገባም። የፍርስራሽ ማንሻና የመሐንዲስ ዋጋ ግን በስምምነት ሊካተት ይገባዋል።

ስለ አደጋው ዓይነት ስንመለከት፣ መሠረታዊው ውል እሳትንና መብረቅን ይሸፍናል። የቆርቆሮ ክዳን የሚገነጥል ዐውሎ ነፋስ፣ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ በተጨማሪ አረቦን የሚገቡ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. መጀቴን ያፈረሰውን፣ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ የተሰማውን መንቀጥቀጥ የሚያስታውስ ሰው ይህን እንደ ቅንጦት አይቆጥረውም። ጦርነት ግን ልዩ ስምምነት ከሌለ አይሸፈንም፤ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ የጦርነት ሜዳ ሲሆኑ የዚህ ሐረግ ክብደት ግልጽ ሆኗል።

የኪራይ ቤት ከመኖሪያ ቤት የሚለይበትም ነገር አለ። ለመምህር ወይም ለተማሪ የተከራየ ክፍል ዳቦ ቤት ወይም የነዳጅ ማከማቻ ሲሆን አደጋው ስለሚከብድ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ መግለጽ ግዴታ ነው። የተከራዩ ዕቃ በአከራዩ ውል አይሸፈንም። የቆመው ኪራይም የሚተካው ለብቻው ዋስትና ከተገባለት ነው፤ በኪራይ ለሚተዳደር ሰው ደግሞ ከግድግዳው ይልቅ የሚያስጨንቀው ይኸው ነው።

በወሎ ቤት ሲቃጠል ቅሬው እንጨቱንና ጉልበቱን ይዞ ይደርሳል። ይህ ታላቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም ቅሬ የጭቃ ቤት ያቆም እንደሆነ እንጂ ብረትና ሲሚንቶ አይገዛም።

ስለዚህ ባልደረቦቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በምታዘጋጁት ግምት ላይ ቀን ጻፉ፤ በየዓመቱ ውሉ ሲታደስም እንዲከለስ ለባለቤቱ ንገሩ። እኒያ እናት 3ቱን ክፍል መልሰው ሠርተዋል፤ የ3ቱ መሠረት ግን ዛሬም ባዶውን ነው። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር አየዋለሁ።